ፍሪድሪክ ፍሮበልና ስምንቱ ኩቦች

ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ብዙ ነው፤ ሒሳብን ሕፃናት አብረው መኖርን የሚለማመዱበት ጨዋታ ያደረገ ግን ጥቂት ነው፡፡ ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው፡፡ ዓመቶቹን የጻፍናቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፡፡

ፍሮበል በ1782 ዓ.ም. በቱሪንጊያ አውራጃ ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ተወለደ፡፡ አባቱ ቄስ ነበር፡፡ እናቱ ዓመት ሳይሞላው ስለ ሞተችበት ልጅነቱን በብቸኝነት አሳለፈ፡፡

በወጣትነቱ የደን ሥራ ተማረ፤ በ1805 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ አስተማሪ ሆነ፡፡ ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. ደግሞ በስዊስ አገር ኢቬርዶን ከተማ ከታላቁ መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ተቀመጠ፡፡ ፔስታሎዚ ቍጥርን በቃል ከማስጠናት ይልቅ በዓይን በሚታይና በእጅ በሚዳሰስ ነገር ያስተምር ነበር፡፡ ፍሮበል በኋላ በርሊን በማዕድን ቤተ መዘክር ሲሠራ የክሪስታሎችን ቅርጽ መረመረ፤ ክፍል ያለ ሙሉ፣ ሙሉም ያለ ክፍል ትርጕም እንደሌለው ተረዳ፡፡

ይህን ሐሳብ ለሕፃናት ያወረደው በ1837 ዓ.ም. ብላንከንቡርግ ላይ በጀመረው ሥራ ነው፡፡ በ1840 ዓ.ም. ኪንደርጋርተን፣ ማለት የሕፃናት የአትክልት ስፍራ፣ ብሎ ሰየመው፡፡ እኛ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ነው፡፡

መጫወቻዎቹን ስጦታ ይላቸው ነበር፡፡ የመጀመሪያው ስጦታ ቀለማቸው የተለያየ ስድስት የሱፍ ኳሶች ናቸው፡፡ ክብ ሠርቶ ኳስ የሚቀባበል ሕፃን ተራውን መጠበቅን ይማራል፤ ተራ መጠበቅም ቈጠራ ነው፡፡ ሦስተኛው ስጦታ ወደ ስምንት ትንንሽ ኩቦች የሚከፈል አንድ የእንጨት ኩብ ነው፡፡ ሕፃኑ ግማሽን፣ ሩብን፣ ስምንተኛን በእጁ ያገኛል፡፡ ደንቡም አንድ ነው፤ በሚሠራው ነገር ውስጥ ስምንቱም ኩቦች መግባት አለባቸው፡፡ እንደ እኛ አስተያየት የፍሮበል ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ኩብ እንኳ ተርፋ እንዳትጣል የለመደ ልጅ፣ ከጓደኞቹም አንዱ ከጨዋታው ውጭ ሲቀር ዝም ብሎ ለማየት ይከብደዋል፡፡

ነገር ግን በነሐሴ 1851 ዓ.ም. የፕሩስያ መንግሥት እግዚአብሔርን የሚያስክድና የሶሻሊስቶችን ሐሳብ የሚያስፋፋ ነው ብሎ ኪንደርጋርተንን ከለከለ፡፡ የካርል ፍሮበል፣ ማለት የወንድሙ ልጅ፣ ጽሑፍ የእርሱ መስሎ መታየቱ ለክልከላው ምክንያት ነበር፡፡ አቤቱታው አልተሰማለትም፤ በሰኔ 1852 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ እያዘነ ዐረፈ፡፡ ክልከላው የተነሣው በ1860 ዓ.ም. ነው፡፡ ነገ በመዝገብ ላይ የምትፈርሙ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ፤ ስም ከስም ሳይለይ የወጣ አንድ ትእዛዝ የብዙ ሕፃናትን በር ለ9 ዓመት ያህል ዘጋ፡፡

ሥራው ግን አልሞተም፡፡ ማርጋሬቴ ሹርዝ በ1856 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ኪንደርጋርተን ከፈተች፤ በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ሱዛን ብሎ በሴይንት ሉዊስ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ጀመረችው፡፡

በሽቫይና በሚገኘው መቃብሩ ላይ ኩብ፣ ሲሊንደርና ድቡልቡል ድንጋይ ተደራርበው ቆመዋል፡፡ ሁለተኛው ስጦታው እነዚሁ ሦስቱ ቅርጾች ነበሩ፡፡ ሕፃናትን ለማስተማር የምትሰማሩ ሁሉ፣ መቍጠርን ስታስተምሩ አብሮ መኖርንም እንደምታስተምሩ አትርሱ፡፡