አራት ሳምንት ብሎ አራት ወር የቆየው ኦርጋን ተጫዋች

ኦርጋን ሲባል ሠርግ ላይ የምናየው ኪቦርድ እንዳይመጣባችሁ። የዮሃን ሰባስቲያን ባኽ ኦርጋን በወናፍ አየር የሚሞላ፣ ግድግዳ የሚያህል የቧንቧ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ በእጁም በእግሩም ይሠራል።

ባኽ እ.ኤ.አ. በ1685 ጀርመን፣ አይዘናኽ ከተማ ተወለደ። አሥር ዓመት ሳይሞላው እናትም አባትም ሞቱበት። ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እሱም ኦርጋን ተጫዋች ነበር።

በ18 ዓመቱ አርንሽታት ውስጥ ባለ ቤተ ክርስቲያን ተቀጠረ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፦ ከመዝሙሩ በፊት መግቢያ መጫወት፣ ከዚያ ምዕመናኑን ማጀብ። በ1705 ግን ቡክስተሁደ የሚባለውን አንጋፋ ለመስማት የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሉቤክ ሄደ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግሩ እንደሄደም ይነገራል። የተመለሰው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው!

አለቆቹ ጠርተው አፋጠጡት። ጥፋቱ መቅረት ብቻ አልነበረም፤ መዝሙሩ ውስጥ እንግዳ ድምፅ እየከተተ ሕዝቡን ግራ ያጋባል ተባለ። መግቢያህ ረዘመ ሲሉት ደግሞ ጭራሽ አሳጠረው።

እውነቱን ለመናገር፣ አለቆቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ዜማው የጠፋበት ሰው እንዴት ይዘምራል? ባኽም ይህ የገባው ይመስለኛል። በኋላ ቫይማር ሳለ አንድ ትንሽ የኦርጋን መጽሐፍ ጀመረ። 164 መዝሙሮችን መርጦ፣ ርዕሳቸውን በየገጹ አስቀድሞ ጻፈ። በነዚህ አጫጭር ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ከላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ድፍረቱ ያለው ከሥር ባሉት ድምፆች ነው። ሕዝቡም ዜማውን አያጣም፣ እሱም ነፃነቱን አያጣም።

በ1723 ላይፕሲግ ገብቶ የከተማዋን የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ መምራት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አዲስ ሥራ ያቀርብ ነበር። ገቢው ግን በከፊል ከቀብር ክፍያ የሚመጣ ነው። በ1730 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ አየሩ ጤናማ ሲሆን ገቢው እንደሚቀንስ አማሯል። የሰው ጤና ኪሳራ የሚሆንበት ደመወዝ! ቤቱ ደግሞ በልጆች የተሞላ ነበር።

በ1750 ሲሞት ከ164ቱ ያለቁት 46 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ገጾች ርዕሳቸውን ይዘው ባዶ ቀሩ። ኦርጋን ተጫዋቾች ግን ያለቁትን 46 ዛሬም እሑድ እሑድ ይጫወቷቸዋል።