መዝገቡ ይከፈት ያለው ተጫዋች

የበረዶ ሆኪን በቴሌቪዥን እንኳ አይተን የማናውቅ ብዙዎች ነን። ተጫዋቾቹ ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ጎማ እየገፉ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። ለዚህ ዕትም ከዚህ ጨዋታ የመረጥነው ሰው ዳግ ሃርቪ ይባላል። የመረጥነውም ለዋንጫዎቹ ብዛት ሳይሆን የጡረታ መዋጯችን ሂሳብ ይታየን ካሉት አንዱ ስለነበረ ነው።

ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1924 በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገልግሎ በ1947 ለከተማው ክለብ ለካናዲየንስ መጫወት ጀመረ። ቦታው ተከላካይ ነበር። በዚያ ዘመን ተከላካይ ጎማዋን ሲያገኝ ቶሎ ወደ ፊት መትቶ መገላገል ነበር ልማዱ። እሱ ግን ይዟት ይቆያል፤ ጨዋታውን ሲፈልግ ያበርዳል፣ ሲፈልግ ያፈጥናል፣ ከዚያ ለጓደኛው አመቻችቶ ያቀብላል። ከክለቡ ጋር የስታንሊን ዋንጫ 6 ጊዜ ወሰደ፤ አምስቱ ከ1956 እስከ 1960 በተከታታይ የተገኙ ናቸው። የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎም 7 ጊዜ ተሸልሟል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሊጉ 6 ክለቦች ብቻ ነበሩት፤ ተጫዋቹ የክለቡ ባለቤት ካልፈቀደለት ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ለጡረታ በዓመት 900 ዶላር ያዋጣል፤ በጊዜው ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ገንዘቡ የት እንደዋለና ስንት እንዳፈራ ግን አይነገረውም። መዋጮ እየከፈሉ መዝገብ አለማየት ምን ማለት እንደሆነ ለማኅበራችን አባላት ማስረዳት አያስፈልገንም።

በ1957 የዲትሮይቱ ቴድ ሊንዚ ሊቀመንበር፣ ሃርቪ ምክትል ሆነው የተጫዋቾች ማኅበር አቋቋሙ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጫዋች ገባ። ሃርቪ ዝም ቢል የሚጎድልበት ነገር አልነበረም፤ ከማንም በላይ የሚፈለግ ተጫዋች ነበር። ባለቤቶቹ መዝገቡን አልከፈቱም። ሊንዚን በዚያው ዓመት በሊጉ መጨረሻ ላይ ወደነበረው የቺካጎ ክለብ ሰደዱት። ቀጥሎ የዲትሮይት ተጫዋቾች ከማኅበሩ ወጡ። በ1958 መጀመሪያ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ዝቅተኛው ደመወዝ 7,000 ዶላር ሆነ፣ ማኅበሩ ግን ፈረሰ።

ካናዲየንስ ሃርቪን በ1961 ለኒው ዮርክ ሬንጀርስ አሳልፎ ሰጠው። ብዙዎች በማኅበሩ ሥራ ሳቢያ ነው ይላሉ። ደረሰኝ ስለሌለው እኛ የሂሳብ ሰዎች አንመዘግበውም፤ ብንጠረጥር ግን አይፈረድብንም። በኒው ዮርክ አሠልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ከዚያ በታችኛው ሊግ ከከተማ ከተማ ተዘዋውሮ፣ በ44 ዓመቱ በሴንት ሉዊስ ጨረሰ።

ኋላ መጠጥ ጎዳው። በ1973 በሆኪ የክብር አዳራሽ ስሙ ሲገባ በሥነ ሥርዓቱ አልተገኘም። በኦታዋ አቅራቢያ ባለ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ፣ በአሮጌ የባቡር ፉርጎ ውስጥ የኖረበትም ጊዜ ነበር። ካናዲየንስ 2 ቁጥር መለያውን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው የወሰነው በ1985 ነው። በ1989 ታኅሣሥ ወር በ65 ዓመቱ አረፈ።

በ1992 የኦንታሪዮ ፍርድ ቤት ጡረተኛ ተጫዋቾች ያቀረቡትን ክስ መርምሮ፣ በጡረታው ቋት የተረፈው ገንዘብ የተጫዋቾቹ ነው ሲል ፈረደ።