የኮሎኔል ያዕቆብ ሺክ ሕይወትና የኤሌክትሪክ ጢም መላጫ

ባለፈው ጥር ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ሱሉልታ ላይ የሆነውን ነገር ሳንነግራችሁ ወደ ዋናው ታሪክ ብንገባ ምክንያታችን አይገባችሁም። እኛ፣ አንዳችን ከሰበታ፣ አንዳችን ከቡራዩ፣ አንዳችን ከሱሉልታ የመጣን የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ ገንዘባችንን አዋጥተን ከመርካቶ የገዛናት አንዲት የኤሌክትሪክ ጢም መላጫ አለችን። በዚያ ቀን የሱሉልታው ጓደኛችን ለአብሮ አደጉ አንደኛ ሚዜ ስለ ነበረ፣ የመላጨቱን ተራ ያለ ክርክር ለቀቅንለት። እርሱም መስተዋቱን መስኮት ላይ አቁሞ፣ ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ቀኝ ጉንጩን ጨርሶ ወደ ግራው ሲሻገር መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ አልመጣም። ሁለተኛውን ሰዓት ስንጀምር የሚዜዎቹ መኪና ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር።

የቀረው ምርጫ ምላጭ ነበር። ይህ ጓደኛችን ግን ምላጭ የማይስማማው ሰው ነው። ጢሙ የተጠቀለለ ስለ ሆነ፣ ምላጭ ከሥሩ ሲቆርጠው የሾለው ጫፍ ተመልሶ ቆዳውን እየወጋ ወደ ውስጥ ያድጋል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥም አንገቱ በሽፍታና በቁስል ይሞላል። መላጫዋን ለመግዛት ያሰብነውም መጀመሪያ በእርሱ ምክንያት ነበር። የሆነው ሆኖ ግራ ጉንጩን በቀዝቃዛ ውሃና በምላጭ ላጨ፤ ሠርጉም በሰላም ተፈጸመ። በመልሱ ቀን ግን ቀኝ ጉንጩ የሙሽራ፣ ግራ ጉንጩ የፈንጣጣ በሽተኛ ይመስል ነበር።

ስቀን ከጨረስን በኋላ ከመካከላችን አንዱ ጥያቄ አነሣ፤ ይህችን ውሃና ሳሙና የማትጠይቅ፣ ያለ መብራት ግን ድንጋይ የምትሆን ዕቃ መጀመሪያ ያሰባት ማን ነው? መልሱን ፈለግን። ያገኘነውም ከዕቃዋ ይልቅ የሚያስተምር የሰው ሕይወት ሆነብንና ለእናንተ ልናካፍል ወደድን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ያዕቆብ ሺክ፣ በአገሩ አጠራር ጄኮብ ሺክ፣ በመስከረም ወር 1870 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት ተወለደ። ያ ዓመት በእኛ ዘንድ ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ገብተው የታረቁበት ዓመት ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ ፀጉራሙ ዔሳው፣ ለስላሳው ያዕቆብ መሆኑን ያውቃል፤ ይህ ያዕቆብ ደግሞ የዓለምን ዔሳዎች ሁሉ ለማለስለስ የተነሣ ሆነ። ያደገው ግን በለስላሳ ኑሮ አልነበረም። አባቱ በኒው ሜክሲኮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሥራ ላይ ስለ ነበሩ፣ ልጁም ገና በ16 ዓመቱ ወደ ማዕድኑ የሚሄደውን የባቡር መስመር እንዲቆጣጠር ተደረገ። ብረትና ማንቀሳቀሻ የተማረው ከትምህርት ቤት ይልቅ ከዚያ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

በ1890 ዓ.ም.፣ ማለትም ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ አገሩ ከእስፓኝ ጋር ስትዋጋ ወታደር ሆኖ ተቀጠረና ወደ ፊሊፒንስ ደሴቶች ተላከ። እዚያ የጠላት ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ መታው። ጤናው እጅግ ስለ ተጎዳ ቀዝቃዛ አገር ይሻለዋል ተብሎ፣ በ1897 ዓ.ም. ገደማ ወደ አላስካ ተዛወረ። አላስካ በረዶው ለብዙ ወራት የማይለቅ፣ ከሰው ይልቅ አውሬ የሚበዛበት ምድር ነው። ሺክ በዚያ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የቴሌግራፍ መስመር በመዘርጋት ሥራ ተካፈለ። በ1902 ዓ.ም. ከውትድርና ጡረታ ሲወጣም ወደ ሞቃቱ አገር አልተመለሰም፤ ወርቅ ፍለጋ በአላስካና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በረሃ ይዞር ጀመር።

የታሪኩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። በአንዱ የወርቅ ፍለጋ ጉዞ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ከሰፈሩ መንቀሳቀስ አልቻለም። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ጢሙን ለመላጨት በረዶ ማቅለጥ፣ የቀለጠውን ማሞቅ፣ የሞቀው ሳይቀዘቅዝ ፊቱን ማርጠብ፣ በደነዘዘ እጁም ምላጭ መያዝ ነበረበት። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወድቅባት ማለዳ ተነሥቶ ፊቱን የታጠበ ሰው የዚህን ትንሽ ትንሹን ያውቀዋል። ችግር የብልሃት እናት ናትና፣ ሺክ በድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ያለ ውሃና ያለ ሳሙና የሚላጭ መኪና አሰበ፤ ሥዕሉንም ስሎ ለፋብሪካዎች ላከ። ሁሉም አንፈልግም ብለው መለሱለት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። እርሱ ግን ሥዕሉን አጣጥፎ አስቀመጠው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ ሠራዊቱ ተመልሶ በእንግሊዝ አገር አገለገለ፤ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1918 ዓ.ም. ገደማ፣ በመጀመሪያ ያወጣው ሥራ የኤሌክትሪኩን ሳይሆን የምላጩን ነበር። ወታደር ነበርና ምሳሌውን የወሰደው ከጠመንጃ ነው። ምላጮቹ እንደ ጥይት በእጀታው ውስጥ ተደርድረው፣ አንዱ ሲዶለዱም ሌላው ያለ እጅ ንክኪ ወደ ፊት ይወጣል። ይህ መላጫ ገበያ አገኘ፤ ሺክም ዕረፍት የሚገባው ባለጠጋ ሆነ።

ነገር ግን የድንኳኑ ሥዕል አልለቀቀውም። የምላጩን ኩባንያ ድርሻ ሸጠ፤ ያም አልበቃ ሲል ቤቱ በዋስትና ተያዘ። የመጀመሪያው ሥራው ሁለት እጅ የሚፈልግ ነበር፤ ሞተሩ ለብቻው በአንድ እጅ ይያዛል፣ መላጫው ራስ በተጣጣፊ ዘንግ ተያይዞ በሌላው እጅ ይዞራል። በኋላ ሞተሩን አሳንሶ ከራሱ ጋር በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ አገባው፤ የፈጠራውን መብትም በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. አስመዘገበ። አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ስንጥቅ ስንጥቅ ያለው ስስ ብረት በቆዳው ላይ ይሄዳል፤ ጢሙ በስንጥቁ ይገባል፤ ከውስጥ ያለው ስለት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ስለቱ ቆዳውን አይነካም። ስለዚህም የሚቀረው ጢም ከምላጩ ጥቂት ይረዝማል፤ ለጓደኛችን ጉንጭ መዳኛ የሆነውም ይኸው ጥቂት ርዝመት ነው።

መላጫው በመጋቢት 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለገበያ ቀረበ። እኛ በዚያው ዓመት በጥቅምት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ ስናከብር፣ በሐምሌም የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ስንቀበል፣ አሜሪካ በታላቁ የገንዘብ ችግር ውስጥ ነበረች። ዋጋው 25 ዶላር ስለ ነበረ፣ ሥራ ፈት በሞላበት ከተማ ማን ይገዛዋል ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 3,000 ያህል ብቻ ተሸጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን አለፈ፤ ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከተሉት። በ1931 ዓ.ም. በሆላንድ የፊሊፕስ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው አሌክሳንደር ሆሮዊትዝ ስለቱ በክብ የሚሽከረከረውን ዓይነት አወጣ። ዛሬ በመርካቶ ሱቆች የምናያቸው መላጫዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ የተወለዱ ናቸው።

አሁን ደግሞ የማያስደስተውን እንጻፍ፤ ያልተጻፈ ነቀፋ ምስጋናውንም ያስጠረጥራልና። ሺክ ከበለጸገ በኋላ ሀብቱን በባሃማስ ደሴቶች ወዳሉ ኩባንያዎች አዛወረ፤ በ1927 ዓ.ም.ም አሜሪካዊነቱን ትቶ የካናዳ ዜግነት ወሰደ። ይህንንም ያደረገው ግብር ለመሸሽ ነው ተብሎ ይነገራል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሰኔ 26 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር በነበረችበት ወራት፣ በ59 ዓመቱ ሞተ፤ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በማውንት ሮያል መቃብር ተቀበረ። አገሩን በሁለት ጦርነት ያገለገለ ወታደር በመጨረሻ ከግብር ሰብሳቢዋ ሸሽቶ ሞተ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰው በክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። የሰበታው ጓደኛችን አመሰገነው፤ የቡራዩው ነቀፈው። የሱሉልታው ግን ሁለታችንንም ዝም ያሰኘ ነገር አነሣ። ኮሎኔሉ መኪናውን ያሰበው በድንኳን ላለ፣ ውሃ ለቀዘቀዘበት ሰው ነበር። መኪናው ግን የሚሠራው በሶኬት ነው፤ በዚያ ድንኳን ደግሞ ሶኬት የለም። ስለዚህ ከችግረኛው የተወለደው ዕቃ መጀመሪያ የደረሰው የሞቀ ውሃ ከቧንቧ ለሚወርድለት የኒው ዮርክ ባለጠጋ ሆነ። የድንኳኑ ሰው እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ፣ ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ በኤሌክትሪክ የሚሞላ ባትሪ ያለውን መላጫ እስኪያወጣ ድረስ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሲል ቆየ። ያን ጊዜ ሺክ ከሞተ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። በእኛም ዘንድ ነገሩ ይኸው ነው። ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ናት፤ ጓደኛችን ግን ውሃውን በጄሪካን የሚቀዳበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ትክክለኛውን አጠቃቀም ያስተማሩን ከሰበታ አንድ ጋሼ ናቸው። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው መምህር የሆኑ፣ የጓደኛችን ቤተሰብ ጎረቤት ናቸው። ያለ መስተዋት፣ ያለ ረዳት፣ በየማለዳው ራሳቸውን ይላጫሉ። በግራ እጃቸው ቆዳቸውን ወጠር ያደርጋሉ፤ ጢሙ ከሚያድግበት በተቃራኒ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ድምፁንም ያዳምጣሉ። ጢም ባለበት ይንጣጣል፤ በጠራበት እንደ ንብ ያንዣብባል። ከምላጭ ወደ መኪና የሚሻገር ሰው ቆዳው እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት መታገሥ እንዳለበትም የነገሩን እርሳቸው ናቸው። ኮሎኔሉ ይህን ቢያይ ኖሮ ከሚሊዮኑ ሽያጭ ይልቅ ይህ አንድ ሰው ደስ ባሰኘው ነበር ብለን እናምናለን።

ለመግዛት ለሚያስብ ወንድማችን የተማርነውን በአጭሩ እንንገረው። መጀመሪያ በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ቮልት አንብብ፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከአሜሪካ የላኩለት መላጫ በመጀመሪያው ቀን ጭስ ሆኖ የቀረው ይህን ባለማንበባችን ነው። ሁለተኛ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ባትሪ ያለው ይሻላል። ሦስተኛ፣ ራሱ ሲያልቅ መለወጫው በገበያ መኖሩን ሳትጠይቅ አትግዛ። አራተኛውና ዋነኛው፣ መላጫ እንደ ጥርስ ብሩሽ የግል ዕቃ ነው። ጉንጭን ትንሽ ቢጭር በዓይን የማይታይ ደም ይይዛል፤ የጉበት በሽታም ኤች አይ ቪም በደም ይተላለፋሉና ከምላጭ ጋር አብረን የማናደርገውን ከመኪናም ጋር ልናደርገው አይገባም።

ይህን አራተኛውን ስንጽፍ እርስ በርሳችን ተያየን፤ አንዲቱን መላጫ ለሦስት የምንጠቀመው እኛው ነንና። ተራ መጠበቁ ቀርቶ አንዳችን ሊወስዳት ግድ ሆነ። ዕጣ ይውጣ ያለም ነበር። ነገር ግን የኮሎኔሉ ታሪክ ገና ከፊታችን ነበረ፤ ዕቃው መድረስ ላለበት ሰው ሳይደርስ ስንት ዓመት እንደ ቆየ ራሳችን ስንጽፍ አመሸን። ስለዚህ የሰበታውና የቡራዩው ጓደኞች ወደ ምላጫችን ተመለስን፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ይዘን። መላጫዋ በደንብ ተጠርጋ ምላጭ ለማይስማማው ለሱሉልታው ጓደኛችን ተሰጠች። አሁን መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ከክፍላችን ይላጫል፤ አንገቱም ድኗል። ለፋሲካ ደግሞ ባትሪ ያላትን ልንገዛለት ማዋጣት ጀምረናል፤ ከበዓሉ በኋላ ሌላ አብሮ አደጉ ሊያገባ ነውና።