ላይብኒዝ፤ በዜሮና በአንድ የቈጠረው ሊቅ

ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ በ1646 ተወለደ። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አባቱ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የግብረ ገብ ፍልስፍና መምህር ነበሩ። ልጃቸው ስድስት ዓመት ሲሆነው ሞቱና መጻሕፍታቸው ቀሩለት። ሕፃኑም በነዚያ መጻሕፍት ላቲንን ለብቻው ተማረ። በሃያ ዓመቱ የሕግ ዶክተርነት ቢጠይቅ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ስለ ከለከለው ወደ አልትዶርፍ ሄዶ ማዕረጉን አገኘ።

ከ1672 ጀምሮ በፓሪስ አራት ዓመት ተቀመጠ። በዚያ ጊዜ የሚያባዛና የሚያካፍል መኪና አሰናድቶ በ1673 ለንደን ላይ ለእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር አሳየ። በ1676 በሐኖቨር መስፍን ቤት ተቀጥሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ አገለገለ።

ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ የሚበልጠው በ1679 የጻፈው ረቂቅ ነው። በዚያ ጽሑፍ ቁጥርን ሁሉ በዜሮና በአንድ ብቻ መጻፍ እንደሚቻል አስረዳ። ኳሶች በቀዳዳ እየወረዱ የሚያሰሉበትን መሣሪያም አሰበ፤ ግን አልሠራውም። አሳቡን በ1703 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

በዚህ አጻጻፍ በሁለት ማባዛት ማለት አኃዞቹን አንድ ቦታ ወደ ግራ ማሸጋገር ነው። በሐዋሳ ባህል አዳራሽ በአንድ ረድፍ የተቀመጡ ተማሪዎች ሁሉ አንዳንድ ወንበር ወደ ጎን ቢሸጋገሩ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ወንበራቸው ብቻ ነው። ላይብኒዝ በሞተ በ225 ዓመቱ፣ በ1941፣ ኮንራድ ትሱዘ በርሊን ላይ የሠራው መኪና በዚሁ ስልት ያሰላ ነበር። ቁጥሩን በአኃዞችና ሁለት ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ በሚናገር አርቢ ከፍሎ ይይዝ ነበር።

ዛሬም በሲ ቋንቋ ደብል የሚባለው ቁጥር ከ64 ቢቶቹ 1ዱን ለምልክት፣ 11ዱን ለአርቢ፣ 52ቱን ለአኃዞች ይመድባል። ኤልዲኤክስፒ የተባለው ትእዛዝ አኃዞቹን ሳይነካ አርቢውን ብቻ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ ውጤቱ ከክልሉ እስካልወጣ ድረስ ቅንጣት ስሕተት የለበትም። ከሁለት አርቢ ኔጌቲቭ 1000 ተነሥቶ በሁለት አርቢ 1500 ማባዛት የፈለገ ተማሪ ግን አስቀድሞ ሁለት አርቢ 1500ን ለብቻው ቢያሰላ ጥፋት ያገኘዋል። ደብል ሁለት አርቢ 1024ን ስለማይችል ውጤቱ ወሰን የለሽ ሆኖ ይወጣበታል። በኤልዲኤክስፒ ቢሠራው ግን ትክክለኛውን ሁለት አርቢ 500 ያገኛል።

ይህ ሰው ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ካሳተመው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ቋንቋዎች ይጻጻፍ ነበር። ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩት ደግሞ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

ፍጻሜው ያሳዝናል። ጌታው በ1714 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ ወደ ለንደን ሲሄድ ላይብኒዝ የመስፍኑን ዘር ታሪክ ጽፎ እንዲጨርስ ታዝዞ ሐኖቨር ቀረ። በ1716 ሲሞትም ከቤተ መንግሥት ሰዎች ቀብሩ ላይ የተገኘ አልነበረም። እነርሱ የሚፈልጉት የትውልድ ሐረጋቸውን ነበር፤ የዜሮና የአንድ ነገር ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እንግዲህ እኛም የምንማረውን በሚያስገኘው ሹመት ብቻ ስንመዝን ከነዚያ መኳንንት በምን እንለያለን?