ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፦ ከቅኔ ቤት ወደ መድረክ

ከመተማ ማዶ ያለችውን ገላባትን ሳታውቋት አትቀሩም። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ወደቁ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ያው ሱዳን በጣሊያን ወረራ ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን መጠጊያ ሆነ። ከእነርሱ አንዱ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ።

ዮፍታሔ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔን ጠንቅቀው ተማሩ። አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ያን ጊዜ ቴአትር ገና እንግዳ ነገር ነበር። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዶ ነበርና በመድረክ መናገር ቀላል አልነበረም! ዮፍታሔ ግን ግጥምና ዜማ እያዋሃዱ ተማሪዎቻቸውን አሠለጠኑ። ሴት ተዋናይ ስላልነበረች የሴቷን ቦታ ወንዶች ልጆች ይጫወቱ ነበር። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያናችን ድራማ የሚሠሩ እህቶች ይህን ሲሰሙ ሳይገርማቸው አይቀርም።

እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም የእርሳቸው ነው፤ ዜማውን የሠሩት አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ይህን መዝሙር የጻፈ ሰው አገሩ ተወርሮ በባዕድ ምድር ሲቀመጥ ምን ይሰማው እንደነበር እስቲ አስቡት።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ እርሳቸውም ተመለሱ። «አፋጀሽኝ» የተባለው ቴአትራቸው በሰፊው ይታወቃል። በ1939 ዓ.ም. አረፉ። ሕይወታቸውንና ሥራቸውን ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ በትጋት አጥንተው ባያቆዩልን ኖሮ፣ ስለ ዮፍታሔ የምናውቀው ከዚህ እጅግ ባነሰ ነበር።