ጥሩምባ ያልተነፋለት የንጉሥ ልጅ
(የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የሕይወት ታሪክ)



የዕድርን ጥቅም ለዕድርተኛ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ከአገሩ ርቆ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብለት፣ በማያውቀው ሥርዓት ሲቀበር ምን እንደሚጎድልበት ለማሰብ ከልዑል ዓለማየሁ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅነቱንና ጉርምስናውን በእንግሊዝ አገር እንዴት እንዳሳለፈ ግን በዝርዝር የሰማን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህንኑ አዘጋጅተናል።

ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። እቴጌይቱ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ሲሆኑ፣ ደጃዝማች ውቤን በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው ያሰሯቸው ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። እንግዲህ ሕፃኑ የአሸናፊውም የተሸናፊውም ደም ነበረበት ማለት ነው።

የእኛም አገር ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ያለፉት በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ነው። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ መንገድ እየተጠረገ ጉዞው አምስት ወር ያህል ፈጀ። የእኛ አያት ቅድመ አያቶች ያንን ጭንቅ በዓይናቸው አይተዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። የአምባው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ግምጃ ቤቱ ተዘረፈ። ጽላቱ፣ የብራና መጻሕፍቱ፣ አክሊሉ፣ ልብሱ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ሰባት ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን የቀረው ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ጋር በጦሩ እጅ ወደቀ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። ግን ቀድሞም ሳንባቸውን ያማቸው ነበርና መንገዱን አልጨረሱትም። ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ዐረፉ፤ ጨለቆትም ተቀበሩ። ይህ ልጅ እንግዲህ በአንድ ወር ከሁለት ቀን ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። ያባቱን ተዝካር ሳያይ የእናቱ ልቅሶ ተደረበበት።

ከዚህ ወዲያ የሕፃኑ አሳዳሪ ካፒቴን ስፒዲ የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን ሆነ። ስፒዲ ቁመቱ እጅግ ረጅም፣ ጢሙ ቀይ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ሲሆን፣ ቀደም ሲል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ወታደር ያሠለጥን ስለነበር የአገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው ነበር። የንጉሡን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ የልጁ መምህር ሆነው አብረው ተነሥተው ነበር፤ ነገር ግን እንግሊዝ ሳይደርሱ ከመንገድ ተመለሱ። ይኼ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ፊደሉንና ዳዊቱን የሚያስቀጥለው፣ በእናቱ ቋንቋ የሚያጫውተው የመጨረሻው ሰው ያን ቀን ተለየው።

ሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. መርከቡ እንግሊዝ አገር ደረሰ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት በተባለች ደሴት ላይ ካለው ኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው አስጠርተው አዩት፤ ወደዱትም። ልጁ በዚያችው ደሴት ፍሬሽዋተር በምትባል መንደር ከስፒዲ ጋር ተቀመጠ። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣችው ሥዕል የዚያን ጊዜ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ዓይኑ ተክዞ ይታያል። ሌሊት ብቻውን መተኛት ይፈራ ስለነበር ከስፒዲ አይለይም ነበር ይባላል። ምን ይደረግ፤ የሚያውቀው ሰው እሱ ብቻ ነው።

በ1861 ዓ.ም. ስፒዲ ለሥራ ወደ ህንድ ሲላክ ልጁም አብሮ ሄደ። ስፒዲና ሚስቱ እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር። ይሁን እንጂ ወጪውን የሚከፍለው የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በሥርዓት ትምህርት ቤት መግባት አለበት ብሎ ወሰነ፤ በ1864 ዓ.ም. ግድም ወደ እንግሊዝ አስመለሰው። ስለዚህ አባቱንና እናቱን ያጣው ልጅ ሦስተኛውን አሳዳጊውንም ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ያደገው ጄክስ ብሌክ በሚባሉት የትምህርት ቤት ኃላፊ ቤት ነው። መጀመሪያ ቼልተንሃም፣ ኃላፊው በ1866 ዓ.ም. ሲዛወሩ ደግሞ ራግቢ ከተማ ተከትሏቸው ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ከራሳችን ጋር እናነጻጽር። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ አገር ናት። ከጎጃሙም፣ ከወሎውም፣ ከሌላውም አገር ሕፃናት ቤታቸውን ጥለው አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው፣ ደበሎ ለብሰው ይመጣሉ። ቁራሽ ይለምናሉ፤ ውሻ ያባርራቸዋል፤ በጎጆ ውስጥ ተኮራምተው ያድራሉ። ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ለትምህርት መንከራተቱ ስለዚህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ግን የቆሎ ተማሪ ፈልጎ ነው የሚመጣው። የሚማረው ያባቶቹን የያሬድን ዜማ ነው። ከጎኑ እንደሱ የተራበ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ጓደኛ አለው። ሲበቃው መንገዱን ያውቀዋልና ተነሥቶ አገሩ ይገባል። ቢታመም የመንደሩ እናቶች ፍትፍት ይዘውለት ይሄዳሉ፤ ቢሞትም መምህሩና ጓደኞቹ ፈትተው፣ የመንደሩ ሰው አልቅሶ ይቀብረዋል። ልዑል ዓለማየሁ ግን ምግቡ ሞልቶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም።

በራግቢ ትምህርቱ ብዙም አልገፋለትም፤ ኳስና ሌላውን ጨዋታ ግን ይወድ ነበር። ሰዎች በቆዳው ቀለም የተነሣ ትኩር ብለው ሲያዩት እንደሚያፍርና እንደሚያዝን ንግሥቲቱ ራሳቸው አስተውለዋል። አማርኛው ቀስ በቀስ ጠፋበት። አያቱ ወይዘሮ ላቅያዬ ከአገር ቤት የናፍቆት ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። የልጃቸውን ልጅ ዓይን ለማየት ግን አልታደሉም። ልዑሉም ወደ አገሩ መመለስ ይመኝ እንደነበር ይነገራል፤ ምኞቱ ግን አልተፈጸመም።

በ1871 ዓ.ም. ግድም ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ገባ። አልተመቸውምና ብዙ ሳይቆይ ወጣ። ከዚያ ራግቢ ሳለ አስተምሮት ወደነበረው ወደ ሲሪል ራንሰም ዘንድ ሄደ። ራንሰም በዚያን ጊዜ በሊድስ ከተማ የታሪክ መምህር ሆኖ፣ ከከተማው ወጣ ባለችው በሄዲንግሊ ሰፈር ይኖር ነበር። እዚያው እንዳለ ብርድ መታው፤ ሳንባውን ያዘው። በሕመሙ ጊዜ መርዝ አብልተውኛል ብሎ ምግብ እምቢ ይል ነበር ይባላል። በመጨረሻ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በአቦ ዕለት በ18 ዓመቱ ዐረፈ። እናቱን የወሰዳት የሳንባ ሕመም እሱንም ወሰደው።

እውነቱን ለመናገር እንግሊዞቹ አልጣሉትም። የራንሰም ቤተሰብ አስታሞታል፤ ሐኪም መጥቶለታል፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ከልባቸው አዝነው በዊንድሶር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር አዘዋል። ስሙ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳም አቁመውለታል። በቦታው ክብር ነገሥታቱ ከሚያርፉበት ነው። ጥሩምባ ነፍቶ መንደሩን የሚጠራለት፣ ስሙን እየጠራ ሙሾ የሚያወርድለት፣ በአርባው ቀን ተዝካሩን የሚያወጣለት የእናት የአባት ወገን ግን አልነበረም።

ዛሬ የአንድ ቤት ሦስት መቃብር ሦስት ቦታ ነው። የአባቱ ዐፅም መጀመሪያ መቅደላ ከተቀበረበት ፈልሶ በቋራ በኩል በማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንዳረፈ ይታወቃል፤ እናቱ ጨለቆት፣ እሱ ዊንድሶር ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተደጋግሞ ሲቀርብም በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በአካባቢው የተቀበሩትን የብዙ ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ የእሱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም ሲል መልስ ሰጠ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ከራሱ ተቆርጦ በስፒዲ ቤተሰብ ወገን ተጠብቆ የቆየ ጠጕሩ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጥቷል።

በዚህ ነገር በየልቅሶው ድንኳን ክርክር አይጠፋም። በክብር ካረፈ አይነካ፣ ሙት አይቀስቀስ የሚሉ አሉ። የሌላ ሰው መቃብር መነካቱ ከባድ መሆኑንም እኛ ቀባሪዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ዳሩ ግን ዐፅም ማፍለስ በሃይማኖታችንም በታሪካችንም ያለ ነው። የአባቱም ፈልሷል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1993 ዓ.ም. በሥርዓት ተነሥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። በእኛ አስተያየት ዋናው ነገር የቦታው ማማር አይደለም። ሰውየው ወዶ የሄደበት አልነበረም፤ በሕይወቱም ሆነ በሞቱ የት ልትሆን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ስለዚህ ጥያቄው መቅረቡ ተገቢ ነው፤ ዛሬ መልስ ባያገኝም ሊተው አይገባም እንላለን።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን እንሥራ። ዛሬም ልጆቻችን ለእንጀራ ብለው ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሌላም ይሄዳሉ። ያሉበትን አድራሻ እንያዝ፤ ድምፃቸው ሲጠፋ እንጠይቅ፤ እዚያ የሞተ እንደሆነ ለቤተሰቡ ድንኳን ተክለን፣ ሬሳው እንደመጣ ሁሉ እናልቅስ። እኛ ዘንድ መጥቶ የሚሞት የሩቅ አገር ሰውም ሆነ የቆሎ ተማሪ ቢኖር፣ መዋጮ አልከፈለም ተብሎ ያለ ለቀስተኛ እንዳይሸኝ። እንግሊዞቹ ለልዑል ዓለማየሁ መቃብር ሰጡት፤ እኛ ደግሞ ወገን ለሌለው ወገን መሆን እንችላለን።

የልዑል ዓለማየሁን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። ዕድራችንንም ከዓመት ዓመት ያድርስልን። አሜን።