ሽቦውን ወደ ሰማይ የሰቀለው ሰው

ስልካችሁ ላይ ኤፍኤም ራዲዮ ለመክፈት ስትሞክሩ መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫ ሰኩ የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል አይደል? ብዙዎቻችን ድምፁ እንዲሰማን ተብሎ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ሌላ ነው። የማዳመጫው ገመድ ራሱ አንቴና ነው። ማንም ለራዲዮ ብሎ ርዝመቱን አልለካውም፤ ከጆሮ እስከ ኪስ እንዲደርስ ተብሎ የተቆረጠ ሽቦ ነው። ሞገዱ ግን ግድ የለውም፤ ሽቦ ካገኘ ይገባል።

በራዲዮ የሚጫወቱ አማተሮች ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አላቸው፤ የዘፈቀደ ሽቦ ይሉታል። ያገኙትን ሽቦ ባገኙት ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፣ አንዱን ጫፍ ከራዲዮው ጋር፣ ሌላ ሽቦ ደግሞ ከመሬት ጋር ያገናኛሉ፣ ከዚያ ይሞክራሉ። የመንዝ ሰው ደግሞ ስም ሳይሰጠው ሲጠቀምበት ኖሯል። መሐል ሜዳ አካባቢ ያለው አጎቴ ከተቃጠለ ሞተር የፈታውን የመዳብ ሽቦ ከባህር ዛፍ ጫፍ አስሮ በመስኮት ያስገባውና የራዲዮኑ አንቴና ላይ ይጠመጥመው ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን በአጭር ሞገድ ያዳምጣል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ፣ ሰፊ ሜዳ፣ የሚረብሽ የኤሌክትሪክ መስመር እምብዛም የሌለበት አገር፤ ለራዲዮ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። (ዝናብና መብረቅ ሲመጣ ሽቦውን መንቀል ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ መንዝ ላይ መብረቅ ሰው ይገድላል።)

ይህን ሽቦ መስቀል በዓለም ላይ ያስለመደው ሰው ስሙ ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነው። ታሪኩን በደንብ ማንበብ የጀመርኩት ስለ ቴሌኮም ገበያ ለመጻፍ ብዬ ነበር። ሳነብ ግን ታሪኩ እኛው ደጃፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ማርኮኒ በ1874 ቦሎኛ፣ ጣሊያን ተወለደ። አባቱ መሬት ያለው ባለጸጋ፣ እናቱ አኒ ጄምሰን ከታወቀው የአየርላንድ ውስኪ ጠማቂ ቤተሰብ ናት። ልጁ በትምህርት ጎበዝ የሚባል አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። በ1894 ክረምት፣ የኤሌክትሮ ማግኔት ሞገድ በእርግጥ መኖሩን በሙከራ ያሳየው ሃይንሪክ ኸርትዝ በ36 ዓመቱ መሞቱን ተከትሎ ስለ ሥራው የተጻፈ ነገር አነበበ። ኸርትዝ ሞገዱን ከክፍል ክፍል አሻግሯል፤ መልእክት ይላክበት ብሎ ግን አላሰበም። የ20 ዓመቱ ወጣት ያሰበው ይህንኑ ነው።

ቤተሰቡ ጰንተክዮ በሚባል መንደር ባለው ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ድሮ የሐር ትል ይረባበት የነበረ ክፍል ነበር። ማርኮኒ እዚያ ከተተ። ባትሪ፣ ብልጭታ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ሽቦ፣ የብረት ብናኝ የተሞላ የመስታወት ቱቦ። ቱቦው ሞገድ ሲነካው ብናኙ ይያያዝና ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከእነዚህ አንዱንም እሱ አልፈጠረውም። ሁሉም በየሳይንቲስቱ ጠረጴዛ ላይ የነበረ ዕቃ ነው፤ እሱ ገጣጠመው።

በ1895 የሆነው ነገር ግን የራሱ ነው። ዕቃውን ወደ ውጪ አወጣና የማሰራጫውን አንዱን ጫፍ ከመሬት ቀበረው፣ ሌላውን በሽቦ ወደ ላይ ሰቀለው። ርቀቱ ወዲያው ጨመረ። ሽቦው ከፍ ባለ ቁጥር መልእክቱ ይርቃል። ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ማዶ ሄደ፤ ምልክቱ ከደረሰ ጠመንጃ ሊተኩስ ተስማምተዋል። ማርኮኒ ቁልፉን ነካ፣ ከኮረብታው ጀርባ ጥይት ጮኸ። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ኮረብታው መሐል መኖሩ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሞገዱ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ብቻ ይሄዳል ተብሎ ነበር የሚታሰበው።

በየካቲት 1896 ከእናቱ ጋር ለንደን ሄደ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። በዚያው ሰሞን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አድዋ ላይ ተሸነፈ። ማርኮኒ የ21 ዓመት ጣሊያናዊ ነበር፤ ያ ሽንፈት በእሱ ትውልድ ውስጥ ምን ያህል ቂም ሆኖ እንደተቀመጠ ከ40 ዓመት በኋላ እናየዋለን።

ለንደን የእናቱ ዘመዶች ገንዘብና ሰው ያውቁ ነበር። የፖስታ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ዊሊያም ፕሪስ ደገፈው፤ ሰኔ 1896 የፈጠራ መብት ጠየቀ፣ በ1897 ኩባንያ ተቋቋመ፣ በ1899 መልእክቱ ከእንግሊዝ ፈረንሳይ ባሕሩን ተሻገረ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል፤ ምክንያቱም ማርኮኒ ከሳይንሱ ባልተናነሰ ንግዱን አውቆበታል። መሣሪያውን ለመርከቦች አይሸጥም፣ ያከራያል፤ ኦፕሬተሩም የእሱ ተቀጣሪ ነው። ከዚያ ደግሞ የእሱ ጣቢያዎች የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ካላቸው መርከቦች ጋር እንዳያወሩ ከለከለ። አስቡት፣ በአንዱ ኩባንያ ሲም የሌላውን ኩባንያ ደንበኛ መደወል አትችሉም እንደማለት ነው። ብዙ መርከብ ያለው እሱ ስለሆነ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣል። መንግሥታት በዚህ ተናደው በ1903 በርሊን ላይ ተሰበሰቡ፣ በ1906 ደግሞ ጣቢያ ሁሉ ከየትኛውም መሣሪያ የመጣ መልእክት እንዲቀበል የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ ሳፋሪኮምና ኢትዮ ቴሌኮም መደዋወላቸው ተራ ነገር የመሰለን እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ስላለፈ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል። በ1901 ማርኮኒ አትላንቲክን ልሻገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ ፖልዱ ላይ 20 ምሰሶ በክብ አቁሞ ትልቅ አንቴና ሠራ፤ መስከረም ላይ ንፋስ ጣለው። አሜሪካ ኬፕ ኮድ ላይ የሠራውንም ኅዳር ላይ ንፋስ ጣለው። ሌላ ሰው ቢሆን በጀት ይጠይቅ ነበር። እሱ ሁለት ረዳቶቹን፣ ፊኛና ካይት ይዞ ኒውፋውንድላንድ፣ ሲግናል ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ወጣ። ንፋሱ ፊኛውን በጠሰው፤ አንዱንም ካይት ወሰደው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ሌላ ካይት 150 ሜትር ገደማ ሽቦ ጎትቶ ሰማይ ላይ ቆመ፤ ቆመ ከተባለ፣ ይወዛወዛል እንጂ።

የዘፈቀደ ሽቦ ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል። አንቴና ከሞገዱ ጋር መገጣጠም፣ መቃኘት አለበት። ሽቦው ከፍ ዝቅ ሲል ግን ቃኙ በየሰከንዱ ይበላሻል። ማርኮኒ የሚቃኘውን መቀበያ ትቶ ቃኝ የሌለውን ያዘና የስልክ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደገነ። ከ3,400 ኪሎ ሜትር ማዶ ፖልዱ በሞርስ ኤስ የምትባለውን ፊደል፣ ሦስት ነጥብ፣ ደጋግሞ እየላከ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱን ኩኩታ ሰማሁ አለ። ማዳመጫውን ለረዳቱ ኬምፕ ሰጠው፣ እሱም ሰማሁ አለ።

ሰምተው ነበር? የዛሬ መሐንዲሶች እስካሁን ይከራከራሉ። በቀን ብርሃን እንዲያ ያለ ረጅም ሞገድ ያን ያህል መሄዱ ያጠራጥራል፤ የሰሙት የከባቢ አየር ጩኸት ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። በሦስተኛው ወር ራሱ ማርኮኒ ፊላደልፊያ በምትባል መርከብ ላይ ሲሞክር ሌሊት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተሰማው ምልክት ቀን ላይ ከ1,100 ብዙም አላለፈም። እኔ በበኩሌ ተጠራጣሪዎቹ ያሸንፉኛል። ግን የሌሊቱ ሙከራ በወረቀት ላይ የተመዘገበ ነውና ባሕሩ መሻገሩ አልቀረም። ሞገዱ የመሬትን ጉብታ እንዴት አለፈ ለሚለው፣ ከላይ የሚያነጥረው የአየር ንብርብር እንዳለ በ1902 ተገመተ፣ በ1924 ተረጋገጠ። አጎቴ ማታ ጀርመንን የሚሰማው በዚያ ንብርብር ነው።

ክብሩ ቶሎ መጣ። በ1909 ከካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተቀበለ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የድረሱልን ጥሪ ያስተላለፉት ሁለቱ ወጣቶች የእሱ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ነበሩ፤ ከ700 በላይ ሰው ተርፏል።

አማተሮቹም በመሐል አንድ ነገር ሠሩ። ዋጋ የለውም የተባለውን ከ200 ሜትር በታች ያለ አጭር ሞገድ ነበር አሜሪካ የተወችላቸው። በታኅሣሥ 1921 አንድ አሜሪካዊ አማተር ስኮትላንድ ሄዶ፣ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ሽቦ በባሕር ዳር ማሳ ላይ ዘርግቶ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የአገሩን ልጆች ትንንሽ ማሰራጫዎች ሰማ። ግዙፍ ምሰሶ ሲያቆም የኖረው ማርኮኒም በ1920ዎቹ ኤሌትራ በምትባል ጀልባው እየዞረ ወደ አጭር ሞገድ ዞረ፤ በረጅሙ ሞገድ ላይ መድከሙ ስህተት እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። በእኛ አገር የአማተሮቹ ክበብ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ አለ፤ መጥሪያው ኢቲ 3 ኤኤ ነው። ማዳመጥ ለማንም ይቻላል፤ ለማሰራጨት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሁን የማልወደው ክፍል። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው። ሹመቱ ለስም ብቻ ነበር የሚሉ አሉ። በኋላ የተገኙ ሰነዶች ግን ለአካዳሚው በታጩ አይሁዶች ስም አጠገብ አይሁድነታቸውን የሚጠቁም ፊደል መጻፉን ያሳያሉ፤ በእሱ ዘመን አንድም አይሁድ አልገባም።

በጥቅምት 1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። ማርኮኒ ያኔ 61 ዓመቱ ነው፣ ልቡ ታሟል፤ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን ወረራውን ደገፈ፣ በውጭ አገርም ተከራከረለት። በዓመቱ መጨረሻ ለንደን ላይ በቢቢሲ ቀርቦ ጦርነቱን ለማስረዳት ጠየቀ። ቢቢሲ ከለከለው። ቢቢሲን በ1922 ካቋቋሙት ኩባንያዎች አንዱ የእሱ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት፣ መስከረም 1935፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ለዓለም ተናግረው ነበር፤ ያንን ጣቢያ የሠራውም የጣሊያን ኩባንያ ነው። በእሱ ፈጠራ ተበዳዩም ተናግሯል፣ እሱ ግን ለበዳዩ መናገር ፈለገ።

ሳይንቲስት ነው፣ ፖለቲካ አያውቅም የሚለውን መከላከያ አልቀበልም። ማርኮኒ ከ1914 ጀምሮ ሴናተር ነበር። ጣሊያን በ1925 በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ ላይ ስትጠቀም የዓለም ጋዜጣ ጽፎታል። እነ ሮምና አዲስ አበባ በቴሌግራም ይጻጻፉ የነበረው ምን እንደሆነ ዛሬ በሰነድ ይታወቃል፤ ጋዝ ይፈቀድ፣ የተያዘ አርበኛ ይረሸን የሚል ነው።

ያ ጦር ወደ አዲስ አበባ የገባው በእኛ በኩል ነው። የባዶልዮ የመኪና ሰልፍ ከደሴ ተነስቶ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ። በመንዝ፣ በግሼና በመርሃቤቴ ግን ውጊያው አልቆመም፤ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በእነዚህ ገደሎች አምስቱንም ዓመት ተዋጉ። ቅጣቱም በዚያው ልክ ሆነ። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ከመርሃቤቴ የጃማን ሸለቆ ተሻግሮ ባለው ደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱና ምእመኑ በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ፤ ትእዛዙ ለጄኔራል ማሌቲ የተላከው በቴሌግራም ነበር። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ ዘረት አካባቢ፣ አመጸኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተለቀቀ፤ የወጡት በመቶዎች ተረሸኑ።

ዋሻውን ማርኮኒ አላየም። ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ከደብረ ሊባኖስ ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ፣ ሮም ላይ በልብ ሕመም ሞተ። መንግሥቱ በክብር ቀበረው። በማግስቱ ምሽት 12 ሰዓት ላይ እንግሊዝ አገር የቢቢሲ ማሰራጫዎችና የፖስታ ቤቱ የራዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ተዘጉ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ሁለቱ ደቂቃዎች ሲያበቁ ኦፕሬተሮቹ ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ።